ልጅ ዕቃ ናት እንዴ?

ባለቤቴ ስታረግዝ በልጁ ስም አልተስማማንም። እናቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም ነበርና፣ ሴት ከተወለደች የእናቴ ስም በቤቴ እንዲጠራ አጥብቄ ፈለግሁ። ባለቤቴ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምራ ያስቀመጠችው ስም ነበራት። እንግዲያ በጨዋታ እንለይ ተባባልን። ቤትም ይሁን መንገድ፣ ከሌላው እጅ ዕቃ ሲቀበል «አልረሳሁም» ያላለ ተበላ፤ ያሸነፈ ስም ያወጣል። ደንቡ ይኸው ነበር።

የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፤ ደንብ ካየሁ ቀዳዳውን ሳልፈልግ አላድርም። ቲማቲም በባጃጅ ሹፌር ላክሁላት፤ ዝም ብላ ተቀበለች። «ተበላሽ!» ብላት፣ «እኔ የተቀበልኩት ከሹፌሩ እጅ ነው» አለችኝ። እሷም አልተኛችልኝም። ቁስቋም ቅጥር ግቢ ቆመን ስናስቀድስ ጧፍ ዘረጋችልኝ። በቅዳሴ መሀል ወሬ የለም፤ ራሴን ነቅንቄ ተቀበልሁ። ወጥተን እስከ ቤት ተከራከርን።

ዳኛችን አከራያችን ነበሩ፤ በአይከል ገጠር የድንበር ክርክር ሲሸመግሉ የኖሩ ሰው። «የተላከ አይቆጠርም፤ በቅዳሴም ጨዋታ የለም» ብለው የሁለታችንንም ክስ ጣሉት። ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ ወለደች፤ ሴት። ጤና ጣቢያ ስገባ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ልጅቷን ዘረጋችልኝ። ተቀበልኋት። ዓይኗን ጨፍና ታዛጋለች። አለቀስሁ።

«ተበላህ» አለችኝ ባለቤቴ ቀስ ብላ።

«ልጅ ዕቃ ናት እንዴ?» አልሁ፣ እንባዬን ሳልጠርግ። እንደማሸንፍ እርግጠኛ ነበርሁ።

አራሷን ሊጠይቁ የመጡት አከራያችን በሩ ላይ ሆነው ሰምተውናል።

«ምነው አያ፣ ይፍረዱልኝ እንጂ!» አልኋቸው።

«ስትቀበላት ዝም ያልኸው ዕቃ አይደለችም ብለህ ነው፣ ወይስ ቃሉ ጠፍቶህ?»

መዋሸት እችል ነበር። ልጅቷ ግን ክንዴ ላይ ነበረች።

«ጠፍቶኝ ነው፣ አያ። ያን ሰዓት የራሴን ስም ቢጠይቁኝም አላውቀውም።»

«ሸጋ! እንግዲያ ተበልተሃል» አሉና መረቁን።

ስም ያወጣችው ባለቤቴ ሆነች። ለእናቴ ስም አዘንሁ፤ ደስታው ግን የማዘኛ ጊዜ አልሰጠኝም። አሁን ልጄ ጥርስ እያወጣች ነው፤ ሌላ ስም የሚሆናት አይመስለኝም።

ትናንት ከሥራ ስገባ ባለቤቴ፣ «የእናትህ ስም ለሚቀጥለዋ ነው፤ ያለ ጨዋታ» አለችኝና ልጅቷን ዘረጋችልኝ። ተቀበልኋት። ቃሉ አሁንም ጠፋኝ።