ቅዳሜ ከሰዓት የወደቀው ጊታር

ስለ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ተናግራችሁ፣ የተናገራችሁትም ልክ ሆኖ፣ ልክ በመሆናችሁ ግን አፍራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደርሷል። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ሥራዬ ማስተማር ስለሆነ ነገር ካልተደረደረ አይሆንልኝም።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ፋርማሲ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ያላት ትንሽ የሙዚቃ አሳታሚ ቤት አለች። የማንም ቅርንጫፍ አይደለችም። የምታሳትመው ብሉዝና ክላሲካል ብቻ ነው፤ ድሬ ላይ ይህን ሰምቶ የማይስቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ባለቤቷ ድሮ ጉምሩክ በር ላይ የነጋዴ ዕቃ ያስፈቅዱ የነበሩ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። እኔ በሳምንቱ ቀናት ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የቤቱን ዜና እጽፋለሁ፦ ምን ተቀረጸ፣ ምን ታተመ፣ ምን ወደቀ። ዜናው በቴሌግራም ቻናል ይወጣል። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የጀመርኩት። ከእኔ በፊት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ እኔ ርዕስ፣ ማብራሪያና ማጠቃለያ ጨመርኩበት።

ቤቱ አንድ ደንብ አለው። አዲስ ቅጂ ሲመጣ ሰባት ቋሚ አድማጮች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን እንሰማለን። ሁለት እንግዶችም አብረውን ይቀመጣሉ። ከሁለቱ አንዱ ሙዚቃውን የተጫወተው ሰው ነው፤ ሌላው እኛን ለማሳሳት ብቻ የተጠራ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከእትዬ በቀር ማንም አያውቅም። እንግዶቹ ድምፅ ተሰጥቶ እስኪያልቅ አይናገሩም። እኛ ግን የፈለግነውን እንናገራለን፤ መሳደብም ይፈቀዳል። ተጫዋቹ ከተቆጣ ወይም ለሥራው ከተከራከረ ቅጂው በዚያው ይወድቃል። እትዬ ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ «ሥራው ሲሰደብ ቁጭ ብሎ መስማት ያልቻለ ሰው ገበያ ላይ ሳምንት አይቆይም» ይላሉ። ሦስት ጊዜ ቀርቦ የወደቀ ሰው ደግሞ አራተኛ አይሞክርም።

የዚያን ቀን ሙቀቱ ከባድ ነበር። ቬንትሌተሩ የሚያዞረው የሞቀውን አየር ነው። እትዬ ከማጫወታቸው በፊት፣ «የዛሬው ጊታር ነው፣ ብሉዝ። ከእናንተ በፊት በነበሩት አድማጮች ፊት ሁለቴ ወድቋል። ዛሬ ካለፈ ይታተማል፤ ካልሆነ አበቃ» አሉ።

ሁለቱን እንግዶች አየሁ። አንደኛው ፀጉሩን ያጎፈረ ወጣት ነው፤ የቀኝ እጁ ጥፍሮች ረዣዥም ናቸው፣ ግንባሩ በላብ ርሷል። ሌላው ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ግራ እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ አድርገው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ምንጣፉ ላይ ያለው ሁሉ አዴር ይላቸው ነበር፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ጊታር በጥፍር እንደሚመታ አውቃለሁ፤ እኔም ከዩቲዩብ ትንሽ ተምሬአለሁ። ተጫዋቹ ወጣቱ እንደሆነ ለመወሰን ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ጊታሩ ጀመረ። ዝግ ያለ፣ ከባድ፣ አንድ ነገር ደጋግሞ የሚጠይቅ ዓይነት ዜማ ነው። ታዲያ እያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ ሲደርስ አንዲት ድምፅ ትጎድልና እጁ ዘሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ከእኛ መካከል ምላስ ያለው ባጃጅ ነጂው ነው። ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ፣ «አቦ፣ ይሄማ ሳቢያን መንገድ ላይ የገባ ባጃጅ ነው፤ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ይዘላል» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሽማግሌውም ሳቁ።

«ወላሂ እኔ ብሆን ወርጄ እገፋለት ነበር» አለ ሌላው።

«ለምን ትገፋለህ? ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ሄዷል እኮ።»

ወጣቱ ላቡን ጠረገ። እኔ ይህን ሳይ ይበልጥ ላስጨንቀው ፈለግሁ። ሰውየው ነገ ሕዝብ ፊት የሚወጣ ከሆነ ዛሬ ይፈተን ብዬ ነው፤ ቢያንስ ያኔ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነበር። እሱ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

«አዴር፣ ችግሩ ምን እንደሆነ ላስረዳዎት?»

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ጊታር ላይ ግራ እጅ በአራት ጣት ነው የሚሠራው። እንዲህ» አልኩና ጣቶቼን በአየር ላይ አሳየኋቸው። «ይሄ ሰው ግን የሚጠቀመው በሦስት ነው። የምትጎድለዋ ድምፅ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ናት፤ የቀለበት ጣት ቦታ። ጣቱን አያነሳትም። ለምን? ስንፍና ነው። ልጆቼንም የምላቸው ይህንኑ ነው፤ ሰነፍ ጣት ካላስጨነቁት አይማርም። ገባዎት?»

ሽማግሌው እንደገና ነቀነቁ።

«ቲቸር ፈተና ጀመረ። አዴር፣ ካልገባዎት ያንበረክክዎታል» አለ ባጃጅ ነጂው።

ዜማው አለቀ። እትዬ እጅ አስወጡ። ይለፍ ያሉ ሦስት፣ አይለፍ ያሉ ሦስት። ድምፅ ቆጣሪው እኔ ስለሆንኩ የምሰጠው መጨረሻ ነው። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። ተነሥቼ ቆምኩ፤ ምክንያቴን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብዬ ዘረዘርኩ፤ ሰነፍ ጣት የሚለውን በሦስተኛው ላይ ደገምኩት። ከዚያ አይለፍ አልኩ።

እትዬ ዜማውን ያጫወቱበትን ስልክ አጠፉና፣ «አዴር፣ አሁን መናገር ይችላሉ» አሉ።

ሽማግሌው ለመነሣት ግራ እጃቸውን ከሽርጡ አውጥተው ምንጣፉን ተደገፉ። የቀለበት ጣታቸው ከሥሯ የለችም። ባጃጅ ነጂው ማኘኩን አቆመ። ወጣቱ የእትዬ የእህት ልጅ ነበር፤ ጥፍሩን ያሳደገው ለዘናጭነት ነው።

«ባቡር ጥገና ቤት ነው የቀረችው» አሉ ሽማግሌው ጣታቸውን ሳይሆን እኔን እያዩ። «ሦስት ነው ያልከው አይደል? ልክ ነህ። ሁለቴ ስቀርብ ማንም አልቆጠራትም ነበር።»

ወደ እትዬ ዞሬ፣ «ድምፄን ልቀይር» አልኩ።

«ምን ተለውጦ?»

«አላወቅሁም ነበራ።»

«እንዳታውቅ የተደረገው ለዚህ ነው። አሁን የምትቀይረው በዓይንህ ነው። እኔ የጠራሁት ጆሮህን ነበር።»

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ...»

«ተወው» አሉ ሽማግሌው። «ለጣቴ አዝናችሁ እንድታሳትሙልኝ ብፈልግ ኖሮ መጀመሪያውኑ እጄን አውጥቼ እቀመጥ ነበር።»

ባጃጅ ነጂው ውኃ ቀድቶ ሰጣቸው፤ አመስግነው ጠጡ፤ መሄድ ግን አልሄዱም። ዜናውን ሊሰሙ ነው የቆዩት። አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩና አነበብኩላቸው፦ ዛሬ አንድ የብሉዝ ጊታር ቅጂ ተደምጦ በቴክኒክ ምክንያት ሳያልፍ ቀርቷል።

«እንደዚያ አላልክም» አሉ።

«ያው ነው አዴር፣ ትርጉሙ...»

«ያው አይደለም። ልጄ ቻናሉን ታያለች። ሦስቱንም ጊዜ ሂድ፣ ሂድ ያለችኝ እሷ ናት። ቴክኒክ ካልካት ሌላ አሳታሚ ትፈልግልኛለች፤ አዲስ አበባ ውሰዱት ትላለች። እኔ ደከመኝ። የተናገርከውን ጻፍ፤ እሷም ትረፍ፣ እኔም ልረፍ።»

እትዬን አየሁ። «ጻፍ» አሉኝ።

ጻፍኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤ እሳቸው ግን ቃሉን ራሳቸው ነገሩኝ። «ሰነፍ ጣት። ያልከው እንዲህ ነው።» ከዚያ ሙሉውን አንብብልኝ አሉኝ፤ ዜናው ሲወጣ ስልኬ ላይ አዩ፤ ጫማቸውን አድርገው በፀሐዩ ወጡ። ባጃጅ ነጂው ላድርስዎት ቢላቸው፣ ጉድጓድ ይበዛል አሉት። ከዚያ በኋላ በቤቱ አላየናቸውም። ጊታሩን ሸጡት ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሄጄ ግን አልጠየቅሁም።

ያ ዜና ከጻፍኳቸው ሁሉ በብዙ ሰው የተነበበ ሆነ። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረውበታል። አንዱ፣ ይህ ዘጋቢ ይኑርልን፣ ብሎ ጽፏል። ላጠፋው አስቤ እትዬን ስጠይቅ፣ ደንቡ የወጣ ዜና አይነሣም ነው አሉኝ። ደንቡን በጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ የቀለበት ጣቴን በክር ከመዳፌ ጋር አሰርኩና ያንን ዜማ ለመጫወት ሞከርኩ። የቅጂው አንድ ኮፒ እኔ ዘንድ አለ። ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። የመጀመሪያው ስንኝ ግማሽ ላይ እንኳ አልደረስኩም፤ እሳቸው በዘለሉበት ቦታ እኔ እወድቃለሁ። ያኔ ገባኝ፤ ዝላዩ ስህተት አልነበረም። ሰውየው በሌለችው ጣት ቦታ አዲስ መንገድ ጠርገዋል፣ እኔ ደግሞ ጉድለቱን ብቻ ቆጠርኩ። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው፣ «አሁንም ማስረዳት ላይ ነህ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ስለዚህ እናንተ ሞክሩት። አሠራሩ ቀላል ነው። ወፍራም ክር ያዙና የግራ እጃችሁን የቀለበት ጣት ወደ መዳፋችሁ አጥፋችሁ እሰሩ፤ ደም እንዳይቆም በጣም አታጥብቁት። ጊታር ካላችሁ ጊታር አንሡ፤ ከሌላችሁ የሸሚዛችሁን ቁልፎች በዚያ እጅ ብቻ ቆልፉ። ከዚያ አንድ የተማረ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና የምትሳሳቱበትን ምክንያት በዝርዝር እንዲያስረዳችሁ ንገሩት። እሱ ሲያስረዳ እናንተ አትናገሩ። ራሳችሁን ብቻ ነቅንቁ፤ ገባችሁ ወይ ሲላችሁም፣ እንደገና ነቅንቁ።