ከባትሪ በቀጥታ

መናኸሪያ አጠገብ ባለ ጋራዥ መካኒኩ መኪናዬ ላይ አዲስ የሞተር ኮምፒውተር ሲገጥም፣ የነዳጅ ፓምፑ እዝዝ አለ። በድምፁ ወደ ልጅነቴ ተመለስኩ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አባቴ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር። ያኔ የጎረቤታችን የጋሽ ደምሴ ሚኒባስ ላይ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ገጠመ። የሞተሩን መዞር የሚነግረው ሴንሰር አልሠራ ስላለ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የጠፋ እየመሰለው ፓምፑን እያቆመ አስቸገረው።

ጋሽ ደምሴ ቸኩለዋል። "ለዛሬ ለፓምፑ ከባትሪ በቀጥታ ኃይል ስጠውና ልሂድበት" አሉት።

አባቴ አመነታ። በመጨረሻ ግን እንዳሉት አደረገ።

በማግስቱ ሚኒባሱ ሻሸመኔ መንገድ ላይ ተገልብጦ ተቃጠለ። ጋሽ ደምሴ ከውስጡ አልወጡም።

አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እናቴን፣ "ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም መቆም ነበረበት። እንዳይቆም ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እሳቱ ላይ ቤንዚን ሲረጭ ነበር" አላት።

እኔ የማውቀው ፓምፕ ቤታችን ያለው የብስክሌት መንፊያ ብቻ ነበር።

"አባዬ፣ የእኛንም ፓምፕ ልጣለው?" አልኩት።

አባቴ ከዚያ ወዲያ የመኪና ሽቦ ነክቶ አያውቅም።

"እህቴ" አለኝ የጋራዡ መካኒክ፣ "አንዱ ሴንሰር አልሠራ ብሏል። ለዛሬ ለፓምፑ ከባትሪ በቀጥታ ልስጥልሽ?"

"አይሆንም፤ መኪናው እዚሁ ይደር" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።