«አንገቷን የደፋች» ተብሎ የተጻፈልኝ ደብዳቤ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ የፊዚክስ መምህሬ መስኮቱን ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ መሀል ነኝ፤ በወዲያ ጎኔ አንድ ወፍራም ሰውዬ አሉ። እግሬ ሥር የዘር ድንች የሞላ ጆንያ ስላለ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሷል። ሰው ስለ እኔ የጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት እንደዚያ ተጣጥፌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የትምህርት ዕድል አውጥቶ ከየትምህርት ቤቱ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ይታጭ አለ። ከእኛ እኔ ተመረጥኩ። ተማሪውን የሚያጨው መምህር ደግሞ ደብዳቤ ጽፎ እስከ ዐርብ አሥራ አንድ ሰዓት በኢሜይል መላክ አለበት። ዐርብ ደረሰ፤ ቢቸና መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ያጩኝ የፊዚክስ ቲቸሬ ክፍላችን ድረስ መጡና «ተነሽ፣ ሞጣ እንሂድ። እዚያ መብራት አለ ብለውኛል» አሉኝ።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ደብዳቤው ያለበትን ክላሰር ጭኔ ላይ አስቀመጡና «ያዥልኝ» ብለው ተኙ።

ላለማንበብ ሞክሬ ነበር። ትንሽ። ከላይ ያለው ዩኒቨርሲቲው ለሚያጩ መምህራን የላከው መመሪያ ነው። «ታዛዥ፣ ትጉህ፣ ጨዋ የሚሉ ቃላት ብቻቸውን አይረዱንም። ተማሪው ሲያደርግ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉልን» ይላል። ቀጥሎ የቲቸር ደብዳቤ። «ተማሪዋ በጸባይዋ የተመሰገነች፣ አንገቷን የደፋች፣ ታዛዥና ትሑት ስትሆን ከመምህራን ጋር ቃል ተለዋውጣ አታውቅም።» አለቀ። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ባዶ ነው።

እናቴ ብትሰማው እልል ትላለች። በእኛ አገር ለሴት ልጅ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ግን መመሪያው አይረዳንም ያለውን ሁሉ ሰብስበው ነው የጻፉት፤ የመጨረሻው ደግሞ ጭራሽ እውነት አይደለም።

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለን ቲቸር አንድ ቀን ተሳሳቱ። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ስለሚቆም ስበቱም ዜሮ ይሆናል ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። እጄን አወጣሁና «ቲቸር፣ ስበቱ ዜሮ ከሆነ ድንጋዩ እዚያው ተንጠልጥሎ አይቀርም እንዴ?» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ሰሌዳውን አጥፍተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተማሪው ዘንድ ስማቸው «ተንጠልጣዩ» ሆነ። እሳቸውም ያውቃሉ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ባልሆንም ሰበቡ እኔ ነኝ። ሳምንት ሙሉ እጄን ሳወጣ በላዬ አልፈው ሌላ ሰው ይጠሩ ነበር።

ለዩኒቨርሲቲው የሚጻፍ አንድ ነገር ካለ ይኼ ነው። ታዲያ እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃቸው? ብናገር ቁስላቸውን ልነካ ነው፤ ተቀይመው ከነጭራሹ ቢተውኝስ? ዝም ብል ደብዳቤው ከሌላው የታዛዦች ክምር ሥር ይቀራል። ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ይወድቃል፣ ይነሣል። መዞር አልችል፣ መውረድ አልችል።

ሞጣ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። መናኸሪያው አጠገብ ያለ ኮምፒውተር ቤት ገባን። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን አገላብጣ አየችና «መምህር፣ ይሄ የእርስዎ ጽሑፍ ነው የሐኪም?» አለች። ቲቸር ኪሳቸውን ዳበሱ፤ መነጽራቸውን ረስተዋል። ወደ እኔ ዞረው «አንብቢላት» አሉኝ።

መመሪያው ተማሪው ደብዳቤውን ባያየው ይመረጣል ይላል። እኔ ደግሞ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ሁሉ ፊት ራሴን ጮክ ብዬ ላመሰግን ነው።

«በጸባይዋ የተመሰገነች» አልኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝና ሳቋን ዋጠች። «አንገቷን የደፋች።»

«ታዲያ ደፋ አድርጊዋ» አለ አንድ ሰውዬ ከኋላ።

«ከመምህራን ጋር ቃል…» ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

«ቃል ምን?» አለች ጸሐፊዋ።

«ቲቸር፣ ይሄ እውነት አይደለም።»

«የቱ?»

«እርስዎን… ያን ቀን… የድንጋዩን።»

መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ የመጣች ሴትዮ ክንዴን ነካ አድርጋ «ልጄ፣ ሰው ሲያመሰግንሽ ዝም ይባላል» አለችኝ።

ቲቸር ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የረሳሁት መሰለሽ? ሆን ብዬ ነው የተውኩት። መምህር የምታዋርድ ናት ብለው እንዳይጥሉሽ ብዬ።»

እኔ ለራሳቸው አፍረው መስሎኝ ነበር። ለእኔ ብለው እንደሆነ ሲገባኝ ይባስ ጨነቀኝ። ቢሆንም መመሪያውን አወጣሁና ያችን «በዓይናችሁ ያያችሁትን» የምትለውን አነበብኩላቸው።

«ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

«መምህር፣ የጻፍኩትን ላጥፋው ልተወው?» አለች ጸሐፊዋ። «አሥር ሰዓት እኮ ሊሆን ነው።»

«አጥፊው።»

ከዚያ በቃላቸው ያስጽፏት ጀመር። «ባለፈው ዓመት ሰሌዳ ላይ ተሳሳትኩ። ከክፍሉ ሁሉ ያየችው እሷ ብቻ ናት። ጥያቄዋ ትክክል ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ተቆጥቼ ሳምንት ሙሉ ዕድል ከለከልኳት። እጇን ማውጣት ግን አልተወችም።» ያንን ልብ እንዳሉት አላውቅም ነበር። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠሉ። «ጉድለቷ፣ ስትናገር የሰው ፊት አታይም።»

«ውይ» አለች ሴትዮዋ። የእኔ ጆሮ ነደደ።

ቲቸር ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ወደ ውጭ ውጪ። ተማሪው ባያየው ይመረጣል ተብሏል።»

«እስካሁን ሰምቼ የለም እንዴ?»

«ውጪ አልኩሽ።»

ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። የባሕር ዳር ሚኒባስ ረዳቶች ይጣራሉ፤ ከመስጊዱ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ይሰማል። ዕድሉን ማግኘቴን የሰማሁት ከስንት ሳምንት በኋላ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዶርም አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ለብቻዬ እየሳቅሁ ነው። ያን ቀን ግን መግባት አልችል፣ መራቅ አልችል፤ ኪቦርዱ ዝም ባለ ቁጥር እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። የቀረውን እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። የሰማሁት ጸሐፊዋ እጇን አሳርፋ «መምህር፣ ይሄም ይጻፍ?» ስትላቸው ብቻ ነው።



«ይጻፍ» አሉ።