ካፔምብዋና የማዕድኑ መጠጥ

ካፔምብዋ ሙሉብዋ የሰማውን ሁሉ የሚያምን ሰው ነበር። ክፋቱ፣ የሚሰማው ግማሹን ብቻ ነው። አንድ ጠዋት «ቻንሳ ሞተ» ሲሉት «የገበያው ቻንሳ» የሚለውን ሳይጠብቅ ሮጦ ሄደና የጎረቤቱ የቻንሳ ደጃፍ ላይ ተደፍቶ ደረቱን ሲደቃ፣ ቻንሳ ራሱ የጥርስ ብሩሹን እንደነከሰ በሩን ከፈተለት። ካፔምብዋ አንዴ የጀመረውን ልቅሶ ማቆም ስላቃተው አንገቱን አቅፎ ጨረሰ።

በሉዋንሺያ ከተማ የመዳብ ጉድጓድ ውስጥ ጎልማሳነቱን ጨርሶ ጡረታ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ እንግዳ የሚቀበል ሆነ። ያም ሆኖ በየዓመቱ በሰፈሩ የስፖርት ቀን የላይኛው መንገድ የገመድ ጉተታ ቡድን አለቃ እሱ ነው። በየዓመቱም ይሸነፋል። የሚያሸንፈው የታችኛው መንገድ አለቃ ጃይሮስ ቴምቦ ነበር።

ቴምቦ በነገዱ ንጎኒ ነው፣ ካፔምብዋ ቤምባ። አያቶቻቸው ተዋግተው ሲሰለቻቸው በቀልድ የታረቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን እንደ አክስት ልጅ ይሰድበዋል፣ ከቤቱ ያገኘውን አንስቶ ቢበላበትም ሌባ አይባልም። መቆጣት ነውር ነው።

«አንተ ዝንጀሮ በላ!» ይለዋል ቴምቦ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ። «ዘንድሮስ ገመዱን ትይዛለህ ወይስ ገመዱ አንተን?»

«አይጥ በላ! ሚስትህ ወጥመድ አጥምዳ ራት እስክትይዝልህ ድረስ ዝም በል።»

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ካፔምብዋ ሬዲዮ ከፍቶ ጫማውን ሲያስር፣ አንዲት ሴት ስለ ጤና ስታወራ ሰማ። «ሰውነታችን ያለ ብረት፣ ያለ መዳብ፣ ያለ ዚንክ ጉልበት አይኖረውም» አለች። «እነዚህን ማዕድናት የምናገኘው ግን...» ሬዲዮው አቃሰተና ጸጥ አለ። የባትሪ ድንጋዩ አልቋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ድንጋይ ይገዛ ነበር። ካፔምብዋ ግን አንድ እግሩን ብቻ እንደተጫማ ወጥ ቤት ገብቷል።

ባለቤቱ ባና ሙታሌ፣ የበኩር ልጃቸው የሙታሌ እናት ማለት ነው (እሱ ደግሞ ባሺ ሙታሌ፣ የሙታሌ አባት)፣ የደረቀ አባጨጓሬ በቲማቲም እያቁላላች ነበር።

«ባና ሙታሌ፣ ተዪው ይሄን። ከዛሬ ጀምሮ እኔ የምፈልገው ብረት ነው።»

«ምን?»

«ብረት። መዳብ። ዚንክ። ዕድሜ ልኬን መዳብ ስቆፍር ምግብ መሆኑን የነገረኝ የለም! ነጮቹ በባቡር እየጫኑ ሲወስዱት ለሽቦ ይመስለኝ ነበር። ለካ እየበሉት ነው!»

ሴትዮዋ ማማሰያውን እንደያዘች አየችው። «ባሺ ሙታሌ፣ ብረት ካማረዎት ያቺ ድስት እጀታዋ ወልቋል። ከእጀታው ይጀምሩ።»

አልሰማትም። በአንድ ትልቅ ባልዲ ሙንኮዮ ቀዳ። ከበቆሎና ከዱር ተክል ሥር የሚጠመቅ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል መጠጥ ነው። ለብረቱ አንድ እፍኝ ሚስማር ጨመረበት። ለመዳቡ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ ሽቦ ጠቅልሎ ከተተ። ዚንኩ ትንሽ አስቸገረው፤ ኋላ ግን ቆርቆሮ በዚንክ እንደሚለበጥ ትዝ ሲለው የዶሮ ቤቱን ጣሪያ ግማሹን ገነጠለና በመቀስ ቆራርጦ አስገባው። ያን ቀን ማታ ዝናብ ጣለ። ዶሮዎቹ ያሉትን ዛሬ ብንተረጉመው ነውር ነው።

የስፖርቱ ቀን ቅዳሜ ሲደርስ መጠጡ ወደ አረንጓዴ አድልቶ ነበር። ካፔምብዋ በጣቱ ነክቶ ላሰ።

«ቁልፍ ቁልፍ ይላል» አለ በኩራት። «ታዲያ ብረት ምን ሊል ኖሯል?»

«እኔ ቤት ይሄን የሚጠጣ የለም» አለች ባና ሙታሌ።

«ላንቺ አይደለም። ለጉልበተኛ ነው።»

ሜዳው ላይ ባልዲውን ከማንጎ ዛፍ ሥር አስቀምጦ በጨርቅ ሸፈነው። ቴምቦ በዚያ ሲያልፍ አፍንጫውን ነፍቶ አሸተተ።

«ምን ደብቀሃል?»

«የጉልበት መጠጥ። ማዕድን ያለበት። አይጥ የለመደ ሆድ አይችለውም።»

ይህን ማለት አልነበረበትም። ካፔምብዋ ቡድኑን ሰብስቦ እያስዘፈነ ወገባቸውን ሲያፍታታ ቆይቶ ሲመለስ፣ ባልዲው ውስጥ ሚስማር፣ ሽቦና ቆርቆሮ ብቻ ቀርቷል። የታችኛው መንገድ ሰዎች በመስመር ቆመው አፋቸውን ይጠራርጋሉ።

«ጥሩ ጠምቀሃል፣ የአክስቴ ልጅ» አለ ቴምቦ ጺሙን እየላሰ። «ቅመሙን ትተንልሃል።»

መቆጣት ነውር ነው። ካፔምብዋ ጥርሱን ነክሶ ሳቀ። ሆዱ ግን አልሳቀም። አሁን እነሱ በላይ በላዩ ጉልበት ሊጨምሩ ነው፤ የእሱ ሰዎች ደግሞ የበሉት የጠዋቱን ገንፎ ብቻ ነው!

ፊሽካ ተነፋ። እንደፈራውም ሆነ። የላይኛው መንገድ ሰዎች ተረከዛቸው መሬቱን እያረሰ ወደ ፊት ተንሸራተቱ። ገመዱን ከኋላ ወገቡ ላይ የጠመጠመው ካፔምብዋ ዓይኑን ጨፍኖ የመጨረሻውን መሸነፍ ጠበቀ።

ከዚያ ከወዲያ በኩል አንድ ግሳት ተሰማ። የበሬ ግሳት።

ዓይኑን ሲገልጥ የቴምቦ ግንባር በላብ ታጥቧል። ጉንጮቹ ተነፍተዋል። ከጀርባው ያለው ሰው ገመዱን ለቆ ወደ ማንጎው ሮጠ። ሁለተኛው ተከተለው። ሦስተኛው መሮጡንም አልቻለም፤ እዚያው ጎንበስ አለ። ቴምቦ ብቻውን ገመዱን ይዞ «ወንድሞቼ...» ብሎ ጀመረና እጁን በአፉ ላይ ጫነ።

ገመዱ ድንገት ሲላላ የላይኛው መንገድ ቡድን በሙሉ ወደ ኋላ በረረ። ካፔምብዋ ከኋላ ስለነበር ሁሉም እሱ ላይ ወደቁ፤ እሱ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቦምቦሊኖ በደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ። የወደቁበትን ሰዎች ሲያነሱለት በጆሮው ላይ አንድ ቦምቦሊኖ ተለጥፎ ነበር።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሙሶንዳ ሆዳቸውን የያዙትን አስተኝታ ውኃ ስታጠጣ ቆይታ ባልዲውን አየች። ሽቦውን በሁለት ጣቷ አወጣችው።

«ይሄን ማነው የጠመቀው?»

የሜዳው ሰው ሁሉ በአንድ ጣት ጠቆመ።

«ባሺ ሙታሌ፣ ለምን?»

«ሰውነት መዳብ ይፈልጋል ተብሏል፣ ሲስተር። በሬዲዮ።»

«ይፈልጋል። ግን በጣም ጥቂት፣ ዓይን የማያየው። ያውም በምግብ ውስጥ ሆኖ ነው እንጂ ሽቦ ጥመቁ ማን አለ? ኮምጣጣ ነገር ብረታ ብረቱን ሲያሟሟው እንዲህ ያስመልሳል።»

«ታዲያ ከየት እናግኘው?»

«ከባቄላ፣ ከካፔንታ ዓሣ፣ ከኦቾሎኒ። ከአባጨጓሬማ ብረቱም ዚንኩም ሞልቶ።»

ከኋላቸው ባና ሙታሌ ሳቅ ፈነዳባት። መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች።

«የዶሮ ቤቱስ ቆርቆሮ?» አለ ካፔምብዋ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«እሱ ለዶሮዎቹ ይጠቅማል።»

ካፔምብዋ ሄዶ ቴምቦ አጠገብ ተቀመጠ። አፈረ፤ ፈራም። «ጃይሮስ፣ ልትሞት ነው እንዴ?»

ቴምቦ አንድ ዓይኑን ከፈተ። «ዝንጀሮ በላ፣ ዳኛውን ጥራው። እኛ ባንጠጣላችሁ የምትጠጡት እናንተ ነበራችሁ። አድነናችኋል። የሽልማቱ ፍየል ግማሽ የእኛ ነው።»

ዳኞቹ ተከራክረው ተከራክረው ሲያቅታቸው ፍየሉን ለሁለቱም መንገዶች አረዱት። የታችኛው መንገድ ሰዎች ሆዳቸው ገና ስላልጠና የጠጡት መረቁን ብቻ ነው፤ ይህን በደል ቴምቦ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራው ከረመ።

ካፔምብዋ «ባ ሚስማር»፣ አቶ ሚስማር እንደ ማለት ነው፣ ተባለ። ጠዋት ጠዋት ከቴምቦ ጋር ሶምሶማ ይሮጣል፤ እንደ ጎረቤቶቹ አነጋገር ከሩጫው ስድቡ ይፈጥናል። አባጨጓሬውን ጥርግ አድርጎ ይበላል፣ ባገኘው ሰው ሳህን ላይም «ብረት ነው፣ ብላ!» እያለ ይጨምራል። በዓመቱ የላይኛው መንገድ በደንብ በልቶ፣ በደንብ ተኝቶ፣ ንጹሕ ውኃ ጠጥቶ ወደ ሜዳ ወጣና እንደ ልማዱ ተሸነፈ።