ሰላምታው ሳያልቅ ስታርት ኦቨር

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁበት ንጋት ሳልሰናበተው የቀረሁት ዘመድ የለም፤ ጣጣውም ያ ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እየጮኸ፣ እኔ ገና አማቴን ስሜ አልጨረስኩም። ሰውዬው ከቡሬ ገጠር ድረስ የመጡ ናቸው፤ አንድ ጉንጭ ስሜ ልሩጥ? ከእሳቸው ወደ ወንድማቸው፣ ከወንድማቸው ወደ ጎረቤት ስል ተራው ለባለቤቴ ለትርንጎ ሲደርስ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ግድ የለም፣ የሁለት ሳምንት የውጭ አገር ስልጠና ነው ብዬ በመስኮት እጄን አወዛወዝኩላት። ይኸው እዚያው ቀርቼ አራተኛውን በረዶ ይዣለሁ።

ያለሁት ዊኒፔግ የምትባል የካናዳ ከተማ ነው። የዚያችን የደጋ ከተማ የፈረስ ቤትን ብርድ የምታማርሩ ዘመዶቼ፣ ይቅር ይበላችሁ! እዚህ የሰው ትንፋሽ ጢሙ ላይ በረዶ ሆኖ ይቀራል። ዳቦው ደግሞ ስኳር አለው። ስኳር ያለው ዳቦ በሽሮ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለምጄዋለሁ፤ መልመዴ ራሱ ያናድደኛል።

እዚህ መጥቼ መጀመሪያ የያዝኩት እንግሊዝኛ «ስታርት ኦቨር» ነው። እንደገና ጀምር ማለት ነው፤ ሁሉም ሰው ይለዋል፣ ፈገግ እያለ። ስደተኞችን የምታቋቁመው ሊንዳ አሥራ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩበትን ዲግሪ አገላብጣ አየችና መለሰችልኝ።

«ይህ እዚህ አይሠራም። ስታርት ኦቨር ማድረግ አለብህ።»

«ከየት?»

«ከመጀመሪያው።»

«መጀመሪያው የት ነው?»

አሰብ አደረገችና አንድ ብሮሹር ሰጠችኝ።

አከራዬም ከእሷ አይሻልም። የኪራይ ውሉን በሰማያዊ እስክሪብቶ ብሞላለት፣ በጥቁር ነው፣ ስታርት ኦቨር አለኝ። በጥቁር ብሞላለት ፊርማህ ከመስመሩ ወርዷል አለ። በሦስተኛው ትክ ብሎ አየኝና «አንተ ከዚህ በፊት ቤት ተከራይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። «ቤት ሠርቼ አውቃለሁ» አልኩት። ይህ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።

በመጨረሻ የተገኘልኝ መጀመሪያ የአንድ ሆስፒታል ኪችን ሆነ። ድስት አጣቢ ነኝ። ድስት ስላችሁ የእናንተን እንዳታስቡ፤ እኔ ራሴ ወገቤ ድረስ ካልገባሁበት ቂጡ አይታጠብም።

ይህን ለትርንጎ አልነገርኳትም። አፍሬ ነው። መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም፤ የአገራችን ሰላምታ ሸፈነልኝ። እሷ ልጃችንን ይዛ አባቷ ቤት ገብታለች፤ እዚያ ኔትወርክ የሚገኘው ከጓሮው በላይ ካለው ባህር ዛፍ ሥር ብቻ ነው፣ እሱም ሲፈልግ። እንደምን ዋልህ፣ ጤናህ እንዴት ነው፣ አገሩ እንዴት ነው ትለኛለች። አባባ ደህና ናቸው ወይ፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ እርሻው እንዴት ያዘ ስላት ስልኩ ይቋረጣል። መልሼ ስደውል እንደ አዲስ ከእንደምን ዋልሽ ነው። ሰላምታ ከመሃል አይቀጠልማ! «ሥራስ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ይመስገን» ብዬ ወደ ላሟ እመለሳለሁ።

ኋላ እሷንና ልጄን ለማምጣት አመለከትኩ። ጋብቻችን የእውነት መሆኑን ለማጣራት አንዲት የኢሚግሬሽን ሴትዮ ትርንጎን ለሃያ ደቂቃ በስልክ እንድትጠይቃት ተወሰነ። እኔ ትንፍሽ እንዳልል ተነግሮኝ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አስተርጓሚው ጋሽ አለኸኝ የአዴት ሰው ናቸው፤ የተባለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ሊተረጉሙ ምለዋል።

«እንደምን ዋሉ እትዬ? ደህና ነዎት? ቤት ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱስ?» አለች ትርንጎ።

ጋሽ አለኸኝ ተረጎሙ። ሴትዮዋ ቅጿን አየች። «ደህና ነኝ። ልጅ የለኝም። ከብትም የለኝም።»

«ኧረ እኔን! ምን አገኛቸው?» አለች ትርንጎ። «ግሽ ዓባይ ጠበሉ አለ በሏቸው። ይምጡ፣ እኛ ቤት ያርፋሉ።»

«ምን አለች?»

«ጠበል እንዲጠመቁ ጋብዛዎታለች» አሉ ጋሽ አለኸኝ።

ስልኩ ተቋረጠ። ሴትዮዋ «ስታርት ኦቨር» ብላ እንደገና ደወለች።

«እንደምን ዋሉ እትዬ? ደህና ነዎት? ልጆች…» ብላ ትርንጎ የቀረውን ዋጥ አደረገችው።

«አሁንም ልጅ የለኝም» አለች ሴትዮዋ።

አሁንም ተቋረጠ። በሦስተኛው ሰላምታው አልቆ ጥያቄ ሲጀመር የቀረን ስድስት ደቂቃ ነበር።

«ባለቤትሽ ምን ይሠራል?»

«መምህር ነው።» ድምጿ ሞላ ብሎ ነበር።

«እዚህ አገርም?»

«ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን?»

ሴትዮዋ ፋይሉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ወንበሬ ሥር ብገባ በወደድኩ።

«ጠዋት ምን ይበላል?»

«እግዜር የሰጠውን።»

«ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?»

«አልነገረኝም።»

ደብዳቤው በወሩ መጣ። ባልና ሚስቱ አንዱ የሌላውን ኑሮ የሚያውቅ ስላልመሰለን ማመልከቻው አልተፈቀደም ይላል። ሊንዳ አነበበችውና ፊቷ በራ። «ጥሩ ዜና ነው! ስታርት ኦቨር ማድረግ ትችላለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ደወልኩ። እነሱ ጋ ማምሻ ነው። ሃሎ እስክትል አልጠበቅኩም።

«ትርንጎ፣ ድስት አጣቢ ነኝ።»

ነፋሱ ባህር ዛፉን ሲያንሿሿው ይሰማኛል።

«እንደምን ዋልሽም የለም?» አለች።

«እንደምን ዋልሽ?»

«ደህና፣ ይመስገን። አንተሳ?»

«ድስት አጣቢ ነኝ። ከመጣሁ ጀምሮ። አፍሬ ነው።»

«ለዚያች ለፈረንጇ እትዬ ነግረህ ለእኔ ደበቅህ?» ድምጿ ተሰበረ። «እኔ ሰው ፊት መምህር እያልኩ!»

ስልኩ በተቋረጠ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመኘሁ፤ እሱ ግን ያን ሰዓት ጥርት ብሏል።

«ውኃውስ ሞቅ ያለ ነው?» አለችኝ።

ልመልስላት ስል ተቋረጠ። ደወልኩ። ሰባት ጊዜ ደወልኩ፤ ያቺ ድምጿ የተቀዳው የቴሌ ሴትዮ ናት የምታነሳው፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም እያለች። በስምንተኛው እሷኑ አስቆምኳት።

«ሞቅ ያለ ነው» አልኳት። «ሞቅ ያለ ነው፣ ንገሪልኝ።»