የማያልበው ጌታ

ለማስተማር ቆላ ከተማዋ ሸሕዲ ስመደብ ከልብሴ መሐል አንድ እፍኝ ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው የመጫወቻ ጠጠሮች፣ ይዤ መጣሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከጓደኞቼ የተማርሁት ጨዋታ ነው። ሰሌዳ የለውም። አንዱ ተራኪ ሆኖ ዓለሙን ይፈጥራል፤ ሌሎቹ በዚያ ዓለም የሚኖሩ ሰዎች ይሆኑና "እኔ እንዲህ አደርጋለሁ" እያሉ ታሪኩን ይገፉታል። ነገሩ ሲያጠራጥር ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ከመጣ ያሰቡት ይሳካል፣ ዝቅ ካለ አይሳካም። እኔ የምተርከው ሁልጊዜ የሚያስፈራውን ዓይነት ነበር፦ ያረጀ ግንብ፣ ሞቶ ያልሞተ ጌታ፣ በጉም የተዋጠ መንደር።

ክረምት ሲገባ ሸሕዲ ላይ ዋልካው እግር ይይዛል፤ ኔትወርኩም እየጠፋ ያስቸግራል። በተከራየሁበት ግቢ ሦስት ጎረቤቶች ነበሩኝ። አንዷ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣት ናት። ሁለተኛው ጠና ያሉ ትራክተር ነጂ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ዘር ካለቀ በኋላ ሥራ ስለሌላቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ሲያዩ ይውላሉ። ሦስተኛው ለሰሊጥ አረም ከጎጃም የወረደ ጎልማሳ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳይሱን አወጣሁና ጠራኋቸው።

"ቁማር ነው?" አሉ ጋሼ።

"አይደለም፤ ተረት ነው። ግን እርስዎም ውስጡ አሉበት።"

"እንግዲያስ ልግባ" አሉና ጉድጓድ ቆፋሪ ሆኑ። ልጅቷ ሐኪም ሆነች፤ ጎጃሜው ነጋዴ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ግንቡን፣ ጉሙን፣ አጥንት የሚሰብረውን ብርድ ተረክሁላቸው። ልጅቷ በመሐል ሳቀች። "ብርድ? ኧረ እዚያው እንደር!" ጎጃሜው ግን አልሳቀም፤ ሩቅ ሩቅ ያያል። "ፈራህ?" አልሁት ተስፋ አድርጌ። "ኧረ ወዲያ! አገሬን አስታወስኸኝ እንጂ። የኛ ቀዬ ጉም እኮ እንዲህ ነው" አለኝ። ግንቤ በዚያው ተናደ።

አልተናደድሁም፤ ይልቅ ነገሩ ከነከነኝ። እዚህ አገር ሰው የሚፈራው ምንድን ነው? ሳምንቱን ሙሉ ሻይ ቤት ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ሰነበትሁ። ጨለማ ያለኝ የለም። በቆላ ሌሊት ማለት ትንፋሽ የሚመለስበት፣ አልጋ ወደ ውጭ ወጥቶ የሚተኛበት ጊዜ ነው። አንዷ ሻይ ሻጭ "ቀትር ላይ ወንዝ ወርደህ ታውቃለህ?" ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። ጋሼ ደግሞ ትንሽ አሰቡና "ማሳው መሐል በቀትር ሞተሩን ስታጠፋው የሚመጣ ዝምታ አለ። እሱን አልወደውም" አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ግንቡን ትቼ ከወንዝ ማዶ አንድ የሰሊጥ እርሻ ፈጠርሁ። ጌታው ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ጥላ በሚጠፋበት ሰዓት ይመጣና አጫጅ ይቀጥራል። የሄደ አይመለስም። ሦስቱ ተጫዋቾች ሲደርሱ በትሕትና አስቀምጦ ቀዩን የከርከዴ መጠጥ ቀዳላቸው። "ሦስታችሁም ላባችሁ ይንጠፈጠፋል" አልኋቸው፤ "እሱ ፊት ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም።"

ልጅቷ እግሯን ወደ አግዳሚው ሰበሰበች። ጎጃሜው ሻዩን ሳይጠጣ አስቀመጠ። ደስታዬን ለመደበቅ ዳይሱን ማገላበጥ ያዝሁ፤ ከዚህ በኋላ ያዘጋጀሁት ውጊያ ነበርና።

ጋሼ ግን መዋጋት አላሰቡም። "ጌታዬ" አሉት፤ "ሙት አያልበውም፤ ማን ቀበረዎ?"

ይህን አላዘጋጀሁም። "ማንም አልቀበረኝም" አልሁ፣ ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ። ጋሼ ጠየቁ፣ እኔም እየፈጠርሁ መለስሁ፦ እሱም ድሮ ለአጨዳ የመጣ ደገኛ ነበር፤ ታጭዶ ከተከመረው ሰሊጥ ሥር ሙቀት ጣለው፤ ጓደኞቹ ሥራ እንዳያመልጣቸው አልፈውት ሄዱ።

"እንግዲያስ እንቅበረው" አለ ጎጃሜው።

"እሺ ይላችኋል?" ብዬ ዳይሱን ሰጠሁት። ጣለው፤ ሦስት ወጣ። ጌታው ሳቀና "መቀበር ለደከመው ነው" አላቸው።

ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን "ሰው በአንድ ቀን እሺ አይልም፤ ሽማግሌ እንልክበታለን" አሉ። ላኩበትም፤ ሽማግሌውም ራሳቸው ሆኑ! ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ጋሼ ከበረንዳው ጫፍ ቆመው፣ "እሺ ሳይሉኝ አልቀመጥም፣ ከከርከዴውም አልቀምስም" እያሉ የራሴን ጭራቅ ይለምናሉ። እኔም በጌታው አፍ እምቢ እላለሁ፤ እምቢ ባልሁ ቁጥር ግን ምክንያቴ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ ጋሼ ወገባቸውን ይዘው ቆመው ሳያቸው "እሺ" አልሁ። ዳይስ አልጣልንም።

መቃብሩን የመረጠው ጎጃሜው ነው። የት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ የሟቹ ራስ ወዴት እንደሚዞር በዝርዝር ተናገረ። ከዚያ አብሮት የወረደ የቀዬው ልጅ አምና አብርሃ ጅራ በምትባለው የቆላ ከተማ በወባ መሞቱን፣ የቀበረውም እሱ መሆኑን ነገረን።

"ለእናቱ ገና አልነገርሁም" አለ። "ደህና ነው እላታለሁ።"

ማንም አልመከረውም። ልጅቷ ብቻ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ኔትወርክ በተመለሰ ጊዜ ስልኩን ይዞ ከግቢው ሲወጣ አየሁት፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ለተዝካሩ አገሩ ገባ፤ ለአጨዳ ግን ተመልሶ መጣ።

እኔ እስካሁን የማስበው ስለ ጋሼ ጥያቄ ነው። ይህን ያህል ዘመን ጭራቅ ስፈጥር ምን እንደሚፈልግ ጠይቄው አላውቅም።

አሁን ተራኪዋ ልጅቷ ናት፤ ዳይሱን "ይብቃህ" ብላ ወሰደችብኝ። በመጀመሪያ ቀኗ እንዲህ ብላ ጀመረች፦ "መድኃኒት ቤት ትሠራለህ። አንዲት ሴት ገብታ ትናንት የሰጠኸኝን ድገመኝ ትልሃለች። ትናንት ግን መድኃኒት ቤቱ ዝግ ነበር።"

ሳላስበው እግሬን ወደ አግዳሚው ሰበሰብሁ። ጎጃሜው ሳቀብኝ፤ ጋሼ ወንበራቸውን አስጠጉ።

"ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ።

"ምን ነበር የሰጠሁሽ? ብዬ እጠይቃታለሁ" አልሁ።