ቀጥ ብሎ የወረደው ኪሎ

በእኛ አገር ሰው ከሳ ማለት ታመመ ማለት ነው። ወፈረ ማለት ደግሞ ቤቱ ሞላ፣ ሚስቱ ታበላዋለች፣ እግዜር አይቶታል ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን ከእንጅባራ ሰው ሁሉ እግዜር አተኩሮ ያየው እኔን ነበር። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እንኳ ግንቡን መጀመሪያ የሚሳለመው እሱ ነው፤ እኔ ተከትዬ እደርሳለሁ።

ጣጣው ግን ከሆዴ አልጀመረም፤ ከእርካብ ነው የጀመረው። አምና በጥር፣ ፈረሰኛው ሁሉ አጊጦ በሚወጣበት ቀን፣ እንደ ልማዴ ግራ እግሬን እርካቡ ላይ ላሳርፍ ብዬ ባነሳው እምቢ አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ፈረሴ አንገቱን አዙሮ አየኝ፤ «ዛሬ የምትወጣ ነህ ወይስ ልተኛ?» የሚል ይመስላል። በመጨረሻ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ገፍተው እንደ ድንች ጆንያ ጫኑኝ። ሕዝቡ እልል አለ። ለእኔ ክብር መስሎኝ እጄን አነሳሁ። በኋላ ስሰማ እልልታው ለጎረምሶቹ ጉልበት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በሚመጣው ጥር ማንም ሳይነካኝ በራሴ እግር ፈረሴ ላይ መውጣት። ከልጅነት ጀምሮ ጎን ለጎን የምንጋልብ አንድ ባልንጀራ አለኝ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ዛሬም እንደ ድመት ዘሎ ይወጣል። ከእሱ ጎን ተጭኜ ሳይሆን ወጥቼ ልቆም ፈለግሁ።

መስቀል እንዳለፈ ጉልበቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሚዛን ላይ አወጣችኝና ቁጥሩን ጻፈች።

«ምን ይላል ልጄ?»

«አባባ፣ ጉልበትዎ አልበደለም። ያሸከሙት ነው የበዛበት። ስምንት ኪሎ ያህል ቢያራግፉለት በራሱ ይራመዳል።»

«ለጥር ይደርስልኛል?»

«በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሱ ይደርሳል።»

«ግማሽ ኪሎ! ግማሽ ኪሎማ ምራቂ ነው። ድንች የምትሸጥልኝ ሴት ሳልለምናት የምትጨምርልኝ። ይልቅ በሳምንት ሦስት ኪሎ በይውና ቶሎ ልገላገል።»

ሳቀችብኝ። «በሳምንት ሦስት ኪሎ የሚወርድ ሰው ወይ ታሟል ወይ ይዋሻል። ተሯሩጦ የሄደ ኪሎ ተሯሩጦ ይመለሳል። ደግሞ በእርስዎ ዕድሜ ብቻውን አይሄድም፣ የእግርዎን ሥጋ ይዞ ነው የሚሄደው። ታዲያ በምንዎ ሊወጡ ነው ፈረሱ ላይ?»

ከእንጀራው ግማሹን፣ ከጠላውና ከአረቄው ሁሉንም መተው፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ እግሬ እስኪሞቅ መራመድ፤ ይህን አዘዘችኝና ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ ጠርታ ብቅ እያሉ ይመዘኑ አለችኝ። እኔ ግን የጤና ጣቢያው ወረፋ ብቻውን ሰው ያከሳል ብዬ ሌላ ሚዛን መረጥኩ።

ባልንጀራዬ የድንች መጋዘን አለው። በየገበያው ቀን ድንች በሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፤ እሱ ዘንጉ ላይ ያለውን ብረት ገፋ፣ መለስ ያደርግና ቁጥሩን ይነግረኛል። እኔ አላነበውም። መነጽር አለኝ፤ ፈረሰኛ መነጽር አያምርበትም ብዬ ቤት እተወዋለሁ። ተሸካሚዎቹ በእኔ መሳቅ ልማዳቸው ሆነ።

«ጋሼ፣ በኪሎ ስንት እንበል?»

«እኔ የዘር ድንች ነኝ፤ ለመብል አልሸጥም።»

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነተኛ ነበሩ። አንዱን ሳምንት ከኪሎ በላይ ወረድኩ፣ ቀጥሎ ምንም፣ ከዚያ ትንሽ፣ አንድ ጊዜም ሰርግ ቤት ውዬ ጨመርኩ። ተናደድኩ እንጂ አልተውኩም። ጉንጬ ጎደል አለ። አንገቴም ከብዙ ዘመን በኋላ ብቅ አለ፤ እኔም እንደ ጠፋ ዘመድ ተቀበልኩት።

ያኔ ነው አገሩ የተነሳብኝ። ለቅሶ ቤት አንዱ ክንዴን ይዞ «ምነው ከሱ? ምን አገኘዎት?» አለኝ። ደስ አለኝ። «ምንም፣ ደህና ነኝ» አልኩ፤ ደህና ነኝ የሚል ከሲታ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል መሰለኝ፣ በሳምንቱ ሰው ሊጠይቀኝ ይመጣ ጀመር። አንዷ ዳቦ ይዛ፣ አንዱ አረቄ ይዞ፣ አንድ ዘመዴማ ከአዲስ ቅዳም ድረስ። አጠገቤ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአገውኛ ስለ ሆስፒታል ያወራሉ። እኔ በሆዴ እስቃለሁ፤ ከተረፈው ሆዴ ጋር እንስቃለን። ሚስቴ ግን አትስቅም ነበር። ያመጡትን ዳቦ ስትቀበል እጇ ከበድ ሲላት አይቻለሁ። አየሁ እንጂ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ አንድ ትልቅ ኩባያ ትኩስ ነገር ታመጣልኝ ጀመር።

«ምንድን ነው?»

«ለጉልበትዎ ነው።»

ቀመስኩት። የአጃ አጥሚት ነው፤ ማር አለበት፣ ቅቤም ከላይ ያብለጨልጫል።

«ይሄማ ለአራስ ነው የሚሰጠው!»

«ጉልበትዎ የሚንቋቋው ደርቆ ነው። የጋሪ ጎማ ሲጮህ ምን ያደርጉታል?»

«ግራሶ ይቀቡታል።»

«እንግዲህ ይጠጡ።»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። መድኃኒት ሲጣፍጥ ብዙ አይመረመርም። ጾሙ ሲገባ ቅቤውን በኑግ ተካችው፤ እኔም በሃይማኖቷ ጽናት እየተገረምኩ ጠጣሁ። ደግሞ ምን ያስጠረጥረኛል? ሚዛኑ ይወርዳል። ባልንጀራዬ በየገበያው «ግማሽ ኪሎ ወርደሃል!» ይለኛል። በሚቀጥለው፣ ግማሽ። ከዚያም በኋላ፣ ግማሽ። ሱሪዬም ወገቡ ላይ ሰፋ። መንገድ ላይ ሰው አስቁሜ ወገቤንና ሱሪዬን ለይቼ በመሃል እጄን አስገባና አሳያለሁ። ጎረምሳ ሳለሁ እንኳ ለሰው ይህን ያህል ሰውነቴን አላሳየሁም።

ገና ሊደርስ ሲል ልኮራባት ወደ ነርሷ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ያልሽው ደረሰ። በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ፣ ሳያዛንፍ!»

ሳቅ ብላ ነበር፤ ሳቋ ቆመ። «ሳያዛንፍ? በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ። መጀመሪያ ላይ ይወጣ ይወርድ ነበር፤ ኋላ ግን ልክ ገባ።»

«አባባ፣ እኔ ግማሽ ኪሎ ያልኩዎት ወሩ ተደምሮ ለሳምንቱ ሲካፈል ነው። ሰውነት እንዲህ ቀጥ ብሎ አይወርድም። አንዱን ሳምንት ይወርዳል፣ አንዱን ይቆማል፣ ደግሞ ሽቅብ ይላል። የመጀመሪያው ነበር ልክ። አሁን ይውጡ እስቲ።»

ወጣሁ። ቁጥሩን አነበበችልኝ። መስከረም ላይ የተውኩት ኪሎ እዚያው ቆሞ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

«ማን ነው የሚመዝንዎት?» አለችኝ።

ስሙን አልጠራሁላትም። ሚዛናችሁ ተበላሽቷል አልኳት። የመንግሥት ዕቃ መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል፣ አልኳት። አልተቆጣችም፤ ያንን ነው ያልወደድኩት። እያዘነችልኝ ነበር።

ባልንጀራዬን ከመጠርጠር ዳንግላ መሄድ ቀለለኝ። በሚኒባስ ሄድኩ። ጋሪዎች በሚቆሙበት አጠገብ ሚዛን ዘርግታ መንገደኛ የምትመዝን ሴት አለች። እኔንም አታውቀኝም፣ እሱንም አታውቀውም፣ ሚስቴንም አታውቃትም። ሚዛኗ ላይ ወጣሁና «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አልኳት። አነበበችው፤ ጋሪ ነጂዎቹ ሁሉ ሰሙት። ያው የነርሷ ቁጥር ነው። አንዱ ጋሪ ነጂ ፈረሱን እያሻሸ «አባቴ፣ በእኔ ጋሪ የሚሄዱ ከሆነ ብቻዎን ነው የምጭንዎት» አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ከእሱ የባሰ እመልስለት ነበር። ያን ቀን ግን የሴትዮዋን ሒሳብ ከፍዬ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ገበያ መነጽሬን አድርጌ መጋዘኑ ገባሁ። ተሸካሚዎቹ አልደረሱም፤ ባልንጀራዬ ብቻውን ነው። ሚዛኑ ላይ ወጥቼ ዞርኩና ፊቴን ወደ ቁጥሩ አደረግሁ። ብረቱን ሊገፋ እጁን ዘርግቶ ቀና ሲል መነጽሬን አየ። እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«መቼ ነው መነጽር የጀመርከው?»

«ዛሬ። በል ግፋው።»

አልገፋውም። ድንች ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ሚስትህ መጥታ ነበር» አለኝ። «አለቀሰችብኝ። ‹ሰው ባልሽን በረሃብ ልትገድይው ነው ይለኛል፤ እሳቸው ደግሞ ሚዛኑ ካልወረደላቸው እህል አይቀምሱም፤ አንተ አውርድላቸው፣ እኔ ላብላቸው› አለችኝ። ምን ልበላት?»

«እኔንስ? ጥር ሲመጣ እኔን ምን ልትለኝ ነበር?»

«ጥር ሲመጣማ እኔ አለሁ አይደል? ከኋላ ደገፍ አድርጌ አወጣህ ነበር።»

ይህን ያለው በደግነት ነው። ባይሆን ይሻለኝ ነበር። ቢያፌዝብኝ አፌዝበታለሁ፤ ቢሰርቀኝ እከሰዋለሁ። ማንም ሳይነካኝ ልውጣ ያልኩትን ከሰው ሁሉ በፊት የነገርኩት ለእሱ ነው፤ እሱ ግን ይህን ሁሉ ወር ከኋላ ሊገፋኝ እጁን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

«ደግሞ» አለኝ፣ «ከሚዛን ስትወርድ ፊትህን አላየኸውም። ሙሽራ ነበር የምትመስል። ያን ፊት በየትኛው አፌ ላጥፋው?»

ከሚዛኑ ወረድኩ። የዛሬው ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር ግን አልነገረኝም።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ሱሪዬን አውልቆ መገልበጥ ነው። መነጽሩ አሁንም ዓይኔ ላይ ነበር። ከኋላ በኩል ወገቡ ተተርትሮ ሌላ ጨርቅ ገብቶበት በአዲስ ክር ተሰፍቷል። በደንብ ነው የተሰፋው፤ ሚስቴ ጎበዝ ናት። እኔ በአገሩ ሁሉ እጄን እያስገባሁ ያሳየሁት የእሷን ስፌት ኖሯል። ሽማግሌ በውስጥ ሱሪ ቆሞ ሲናደድ እንደማያምር አውቃለሁ፤ ግን ተናደድኩ።

በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ሱሪውን አይታ ለመካድ እንኳ አልሞከረችም።

«እርስዎ በመንገድ ሲያልፉ» አለችኝ፣ «ሰው የሚያየው እኔን ነው።»

«ፈረሱስ? ስለ ፈረሱ ያልኩሽስ?»

«በፈረሱ አንድ ቀን ይስቁብዎታል፤ በነጋታው ይረሱታል። እኔ ግን ባሏን ያስራበች ከተባልኩ መቃብሬ ድረስ ነው።»

እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ግን አላበረደኝም። አንድ ጊዜ እንዲህ ብላ በፊቴ ብትነግረኝ ኖሮ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ሰብስቤ፣ ሆዴን ገልጬ፣ ይህችን ሴት አትሟት፣ ጥፋቱ የነርሷ ነው፣ እላቸው ነበር። አልነገረችኝም። ለድንች ነጋዴ ነገረች። አጥሚቱን ከዚያ ማታ ጀምሮ አልነካሁም፤ እሷም ማምጣቷን አልተወችም። በመሃላችን ይቀመጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳ ያወጣል፤ ጠዋት መልሳ ትወስደዋለች።

ወደ ነርሷ ተመለስኩ። ለጥር እንደማይደርስ ሁለታችንም እናውቃለን። ሆኖም በተቀረው ጊዜ ልሩጥበት ብዬ ለመንኳት፤ ቁርስ ልተው፣ ምሳም ልተው አልኳት።

«እንደገና ግማሽ ኪሎ» አለችኝ። «ለሚመጣው ዓመት።»

«በዕድሜዬ ለሚመጣው ዓመት የሚባል ነገር ብድር ነው፣ ልጄ።»

«ቢሆንም ግማሽ ኪሎ።»

ጥር ደረሰ። በበዓሉ ጠዋት ባልንጀራዬ ፈረሱን አሳምሮ ከደጄ መጣ። ወርዶ መሬት ላይ ቆመ፤ ሁለት እጆቹን አሰናድቶ ከኋላዬ ሆነ። ሚስቴ ከበሩ ታየናለች። ፈረሴ የሌሎቹን ኮቴ ሰምቶ መሬቱን ይቧጭራል፣ ያንኮራፋል። እሱ ምን አጠፋ?

«ተወው፤ አትንካኝ» አልኩት ባልንጀራዬን።

ልጓሙን ያዝኩና ፈረሴን እየሳብኩ በእግሬ ወጣሁ። ኮርቻው ባዶ ነው፤ ጌጡ ሁሉ ያበራል። ባልንጀራዬ ዘሎ ወጣና ተከተለኝ፤ ከጎኔ ሲደርስ ፈረሱን ገታ አድርጎ በእኔ እርምጃ ልክ ያስኬደው ጀመር። ቀድመህ ሂድ አላልኩትም። ውረድም አላልኩትም። ቀና ብዬም አላየሁት።

ሜዳው ዳር ስንደርስ አንዱ በአገውኛ ጮኸብኝ፤ «ጋሼ፣ ምነው ፈረስ ይዘው በእግር?»

«ዘንድሮ ተራው የፈረሱ ነው» አልኩት። «እኔን ሊጋልብ ነበር፤ መጀመሪያ ክብደቱን ይቀንስ ብዬ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ባልንጀራዬም ከላይ ሆኖ ሳቀ፤ ወዲያው ግን አቆመና አየኝ፣ ስቄ እንደሆነ ሊያይ። እኔ አልሳቅኩም። ልጓሙን ሳብ አደረግሁና መሄዴን ቀጠልኩ።